ፈተና ሲያስተምር፤ የአጭር የክፍል ጥያቄ ታሪክ

በመምህርነት ሥራ ላይ የቆየ ሰው ሁሉ የሚያውቀው አንድ ሐዘን አለ። በጥሞና የተሰማ፣ በምሳሌ የተብራራ፣ ከደወሉ በፊት «ገባችሁ?» ተብሎ «አዎን ገባን» የተባለለት ትምህርት ከአንድ ወር በኋላ ሲጠየቅ እንዳልነበረ ሆኖ ይገኛል። መምህሩ በተማሪዎቹ ስንፍና ያዝናል፤ ተማሪዎቹም በገዛ አእምሯቸው ድካም ያዝናሉ። ጥፋቱ ግን ከሁለቱም ወገን ላይሆን ይችላል። ትምህርቱ በሚገባ ገብቶ ነበር፤ ነገር ግን አንድ ጊዜ ከገባ በኋላ ተመልሶ እንዲወጣ የጠየቀው አልነበረም።

ይህ ጽሑፍ የሚያወሳው ይህንኑ ተመልሶ የመውጣትን ነገር ነው። በክፍል ውስጥ በየጊዜው የሚሰጥ አጭር ጥያቄ፣ ተማሪዎቻችን «ኩዊዝ» የሚሉት፣ በብዙዎቻችን ዘንድ የሚታወቀው ነጥብ መሰብሰቢያ ሆኖ ነው። ከዚህ ቀደም ብሎ ግን ሌላ ሥራ ነበረው። ያ ሥራ በአገራችን ጉባኤ ቤቶች ለብዙ ዘመን ሳይሰየም ሲሠራበት የኖረ፣ በአውሮፓና በአሜሪካ ሊቃውንት የተመረመረ፣ ከዚያም ለረጅም ጊዜ የተዘነጋና በቅርቡ እንደገና የተገኘ ነው። የዚህን አካሄድ ታሪክ ማወቅ ለሥራችን ይጠቅማል። በዚህ ጽሑፍ የውጭ አገር ነገር ሲወሳ ዓመቱ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር፣ የአገራችን ነገር ሲወሳ ደግሞ እንደ ኢትዮጵያ አቆጣጠር መሆኑን አንባቢ ይገንዘብልን።

፩. የጉባኤ ቤቱ ልማድ

የፊደል ገበታን እንመልከት። ሕፃኑ በመጀመሪያ ሀ ሁ ሂ ሃን በተራ ይማራል። ይህ ተራ ዜማ አለው፤ ዜማውም ሕፃኑን ተሸክሞ ይሄዳል። ጥቂት ቀን የሰነበተ ልጅ ዓይኑን ከገበታው ላይ አንሥቶ እንኳ ቢጠየቅ ከሀ እስከ ፐ ሊያዜም ይችላል። ይሁን እንጂ ፊደሉን ለየ ማለት አይደለም። የቀድሞ መምህራን ይህንን ስለሚያውቁ ከሀ ሁ ቀጥሎ አቡጊዳን አኖሩ። በአቡጊዳ የመጀመሪያው ፊደል ግዕዝ፣ ሁለተኛው ካዕብ፣ ሦስተኛው ሣልስ፣ አራተኛው ራብዕ እየሆነ ስለሚሄድ፣ አ ቡ ጊ ዳ ሄ ው ዞ የሚለው ልጅ በለመደው ዜማ ተደግፎ ሊያልፍ አይችልም። የኔታም በስንጥር አንዱን ፊደል ከላይ፣ ሌላውን ከታች እየነኩ «ይህ ማነው?» ይላሉ። ልጁ መልሱን ከተራው ሊያገኘው ስለማይችል ከአእምሮው ፈልጎ ማውጣት ግድ ይሆንበታል።

ከፊደል በኋላም ቢሆን ልማዱ አልተለወጠም። ልጁ በቁጥር፣ በግዕዝና በውርድ ንባብ እያለ መቶ ሃምሳውን መዝሙር እስኪዘልቅ ድረስ በየቀኑ በመምህሩ ወይም ከእርሱ በቀደመ ተማሪ ፊት እየቀረበ ያነባል፤ ይታረማል፤ ያልቀናውን ይዞ ይመለሳል። ማታ ማታ ደግሞ፣ ለንባብ የሚሆን ብርሃን ሲጠፋ፣ የቃል ትምህርት ይጀመራል። በዚያ ሰዓት መጽሐፍ የለም። መምህሩ ይላል፣ ልጁ ይቀበላል፤ ትናንት የተቀበለውንም መልሶ ያሰማል። ጨለማው ራሱ አጋዥ ሆኖ ነበር ማለት ይቻላል፤ ምክንያቱም ዓይን ሊጠጋበት የሚችል ጽሑፍ በሌለበት ስፍራ ማስታወስ ብቻ ይቀራል።

በዜማ ቤት «መቀጸል» የሚባለውም ከዚሁ ወገን ነው። ተማሪው በመምህሩ ፊት ተቀምጦ ድጓውን ይቀበላል፤ ለብቻው ሆኖ ያጠናል፤ ተመልሶም ያሰማል። ያልጸናለት እንደሆነ ወደሚቀጥለው አያልፍም። በቅኔ ቤት ደግሞ ነገሩ ከፍ ይላል። ተማሪው ግሱን በቃሉ ይዞ፣ ከጉባኤ ቃና ጀምሮ እስከ መወድስ ድረስ ደረጃ በደረጃ አዲስ ቅኔ እየሠራ ለመምህሩ ያቀርባል። እዚህ ላይ የሚፈለገው የተሰማውን መድገም ሳይሆን፣ የተማረውን ቃልና ሥርዐት ከአእምሮ አውጥቶ አዲስ ነገር ማቆም ነው። በእስልምና ትምህርት ቤቶችም ልጁ በሎህ ላይ የተጻፈለትን የቁርዓን ክፍል አጥንቶ ለመምህሩ በቃሉ ካሰማ በኋላ ሎሁ ይታጠብና ቀጣዩ ክፍል ይጻፍለታል። የሎሁ መታጠብ ልጁ ከእንግዲህ ወዲያ ያንን ክፍል ከእንጨቱ ላይ ሳይሆን ከራሱ ውስጥ እንዲያነበው የሚያደርግ ጥበብ ነበር።

ይህንን ስንል ግን ያለፈውን ሁሉ ማወደሳችን አይደለም። የንባብ ቤቱ ልጅ ዳዊትን ሲደግም ግእዙን አብዛኛውን ጊዜ አይረዳውም ነበር። ስሕተት በአለንጋ የሚታረምበት ጊዜ ብዙ ነበር፤ ከዚህም የተነሣ ትምህርትን ከፍርሃት ጋር አስተሳስረው የቀሩ አሉ። ከዚያ ቤት ልንወስደው የሚገባው አለንጋውን ወይም ትርጉሙ ያልታወቀ ቃል መደጋገምን አይደለም። ልንወስደው የሚገባው ያስተማሩትን በየቀኑ መልሶ መጠየቅን፣ ወዲያውም ማረምን፣ ሳይጸና አለማለፍን ነው።

፪. መርሳትን የለካው ሰው

መርሳት በቁጥር ሊለካ የሚችል ነገር መሆኑን በመጀመሪያ ያሳየው ጀርመናዊው ሄርማን ኤቢንግሃውስ ነው። በ1850 የተወለደው ይህ ሊቅ ሌላ የሚመረምረው ሰው ስላልነበረው ራሱን መረመረ። ትርጉም ያላቸው ቃላት ቀድሞ ከሚያውቀው ነገር ጋር ተያይዘው ሥራውን እንዳያበላሹበት፣ ትርጉም የሌላቸው 2,300 ያህል ቀለማት አዘጋጀ። እነዚህን በረድፍ እየደረደረ ያለ አንዳች ስሕተት እስኪላቸው ድረስ ያጠና ነበር። ከተወሰነ ጊዜ በኋላም ያንኑ ረድፍ እንደገና አጥንቶ፣ በሁለተኛው ጥናት ከመጀመሪያው ሲነጻጸር ምን ያህል ድካም እንደተረፈለት ያሰላል።

በ1885 ባሳተመው መጽሐፍ የገለጸው ውጤት ዛሬም የሚጠቀስ ነው። ከ20 ደቂቃ ያህል በኋላ የተረፈለት 58 በመቶ፣ ከአንድ ሰዓት በኋላ 44 በመቶ፣ ከአንድ ቀን በኋላ 34 በመቶ፣ ከ6 ቀን በኋላ 25 በመቶ፣ ከ31 ቀን በኋላ ደግሞ 21 በመቶ ነበር። እንግዲህ መርሳት በወር ወይም በሴሚስተር መጨረሻ የሚመጣ እንግዳ አይደለም። ዋናውን ጉዳት የሚያደርሰው ተማሪው ገና ከክፍል ሳይወጣና በዚያው ቀን ነው፤ ከዚያ በኋላ እየቀዘቀዘ ይሄዳል።

ከዚህ በማያንስ ሁኔታ መምህርን የሚመለከት ሌላ ግኝትም ነበረው። 12 ቀለማት ያሉትን ረድፍ በአንድ ቀን 68 ጊዜ በተከታታይ መደጋገም ያስገኘለትን ጥቅም፣ በሦስት ቀን ላይ ተከፋፍሎ የተደረገ 38 ድግግሞሽ ያህል አስገኝቶለታል። ድካሙን ወደ ግማሽ የቀነሰው የጊዜው መከፋፈል ብቻ ነበር። በፈተና ዋዜማ ሌሊቱን ሙሉ ሲያነብ የሚያድር ተማሪ በ1885 የታወቀ ነገር አልደረሰውም ማለት ነው።

፫. የ1917 ሁለት መንገዶች

ኤቢንግሃውስ የመርሳትን ፍጥነት ለካ። መርሳትን የሚገታው ምን እንደሆነ በተማሪዎች ላይ በስፋት የመረመረው ግን የኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲው አርተር ጌትስ ነበር። በ1917 ባሳተመው ጥናት የአንደኛ ደረጃ ተማሪዎችን በቡድን ከፍሎ ለሁሉም እኩል የጥናት ጊዜ ሰጣቸው። ልዩነቱ ከዚያ ጊዜ ውስጥ ምን ያህሉን ጽሑፉን በማንበብ፣ ምን ያህሉን ደግሞ ከጽሑፉ ዓይናቸውን አንሥተው በቃል በመመለስ እንዲያሳልፉ መደረጉ ነው።

የስምንተኛ ክፍል ተማሪዎች ትርጉም የሌላቸውን ቀለማት ሲያጠኑ፣ ጊዜያቸውን ሁሉ በንባብ ያሳለፉት ወዲያው ሲጠየቁ 35 በመቶ፣ ከአራት ሰዓት በኋላ ደግሞ 15 በመቶ አስታወሱ። ከጊዜያቸው 80 በመቶውን በቃል በመመለስ ያሳለፉት ግን ወዲያው 74 በመቶ፣ ከአራት ሰዓት በኋላ 48 በመቶ አስታወሱ። ትርጉም ባለው ጽሑፍ፣ ይኸውም በአጫጭር የሕይወት ታሪኮች ላይ፣ ልዩነቱ ጠበብ ያለ ነበር፤ ሆኖም ከአራት ሰዓት በኋላ 16 በመቶው ወደ 26 በመቶ ከፍ ብሏል። ጽሑፉን ደጋግሞ ማየትና ጽሑፉን ሸፍኖ ራስን መጠየቅ እኩል ጊዜ ቢወስዱም እኩል ፍሬ እንደማይሰጡ በዚህ ተረጋገጠ።

ከዚያ በኋላ ከታዩት ጥናቶች ሁሉ በስፋቱ የሚደነቀው በአዮዋ የተደረገው የኸርበርት ስፒትዘር ሥራ ነው። በ1939 የታተመው ይህ ጥናት በ9 ከተሞች፣ በ91 ትምህርት ቤቶች የሚገኙ 3,605 የስድስተኛ ክፍል ተማሪዎችን ያቀፈ ነበር። ተማሪዎቹ ስለ ኦቾሎኒና ስለ ቀርከሃ የተጻፉ ጽሑፎችን ካነበቡ በኋላ፣ የተለያዩ ቡድኖች በተለያየ ጊዜ፣ አንዳንዶቹ በዚያው ቀን፣ ሌሎቹ ከአንድ ቀን፣ ከአንድ ሳምንት፣ ከሁለት ሳምንት፣ ሲዘገይም ከ63 ቀን በኋላ 25 ጥያቄዎች ያሉት ፈተና ተሰጣቸው። በመጀመሪያው ቀን የተጠየቁት ተማሪዎች ዕውቀታቸው ሳይመናመን ለሳምንታት ሲቆይ፣ ሳይጠየቁ የቆዩት ግን በኤቢንግሃውስ ቁልቁለት ላይ ወረዱ። ስፒትዘር እንዳመለከተው፣ ያለ ጥያቄ በአንድ ቀን የሚረሳው በጥያቄ ታግዞ በ63 ቀን ከሚረሳው ይበልጥ ነበር። ፈተና መለኪያ ብቻ ሳይሆን የመማሪያ መሣሪያም መሆኑን ከዚህ በላይ ምን ያስረዳ ነበር?

ይሁን እንጂ ዓለም የሄደችው በሌላ መንገድ ነው። ጌትስ ጥናቱን ባሳተመበት በ1917 አሜሪካ ወደ አንደኛው የዓለም ጦርነት ገብታ ነበር። ወታደሮችን በችሎታቸው ለመመደብ ሲባል የጅምላ ፈተና ተዘጋጀና 1.7 ሚሊዮን ያህል ሰዎች ተፈተኑ። ከዚያ ጥቂት ቀደም ብሎ ፍሬድሪክ ኬሊ በካንሳስ ያዘጋጀው፣ መልሱ ከተሰጡ አማራጮች የሚመረጥበት የንባብ ፈተና፣ ብዙ ሰው በአጭር ጊዜ ለመፈተን ምቹ መሆኑ ታይቶ ነበር። ጦርነቱ ሲያበቃ የጅምላው ፈተና ወደ ትምህርት ቤቶች ገባ። እንግዲህ በአንድ ዓመት ሁለት መንገዶች ተከፈቱ። አንደኛው ፈተናን ለማስተማር፣ ሁለተኛው ፈተናን ለመለየት የሚጠቀም ነበር። ሰፊው ሕዝብ የሄደው በሁለተኛው ነው፤ ምክንያቱም መንግሥታትም ሆኑ ትምህርት ቤቶች ከምንም በላይ የሚቸገሩት ጥቂት ስፍራን ለብዙ አመልካች በማከፋፈል ነበርና። የመጀመሪያው መንገድ በቤተ መጻሕፍት ውስጥ ቀረ።

፬. በአገራችን

በ1900 ዓ.ም. የዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት ሲከፈት ዘመናዊው ትምህርት ከነልማዱ መጣ፤ ከነዚያም ልማዶች አንዱ በስተመጨረሻ የሚሰጠው ፈተና ነበር። የተማረ ሰው እጅግ በተፈለገበትና የትምህርት ስፍራ ጥቂት በነበረበት ዘመን ይህ ፈተና አስፈላጊ ነበር። በኋላም የስምንተኛና የአሥራ ሁለተኛ ክፍል አገር አቀፍ ፈተናዎች የብዙ ወጣቶች ዕጣ የሚወሰንባቸው በሮች ሆኑ። «ማትሪክ» የሚለው ቃል በየቤቱ ያስከተለውን ጭንቀት ለዚህ መጽሔት አንባቢ ማስረዳት አያስፈልግም።

በዚህ ለውጥ ውስጥ የጉባኤ ቤቱ ዕለታዊ ጥያቄ ሳይታወቅ ተጣለ። አዲሱ ክፍል ሰፊ ነበር፤ በአንድ መምህር ፊት ስድሳና ሰባ ተማሪ ይቀመጣል። መምህሩ በጥቁር ሰሌዳ ላይ ማስታወሻ ይጽፋል፤ ተማሪው ይገለብጣል፤ ደብተሩም ይዘጋል። ደብተሩ የሚከፈተው በፈተና ዋዜማ ነው። የጉባኤ ቤቱን ትምህርት «ሽምደዳ ነው» ብለን ተችተን ተለየነው፤ ትችቱ በከፊል እውነት ነበር። ሆኖም ሽምደዳው በፈተና ዋዜማ ሌላ ስም ይዞ ሲመለስ፣ በየቀኑ መጠየቁና መታረሙ ግን አልተመለሰም።

በ1990ዎቹ ዓ.ም. መጨረሻ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የገባው የቴሌቪዥን ትምህርት፣ «ፕላዝማ» የተባለው፣ ይህንኑ ችግር ጎላ አድርጎ አሳይቶ ነበር። ከስክሪኑ ላይ ያለው አስተማሪ ጥያቄ ይጠይቃል፤ ጥቂት ጊዜ ይሰጣል፤ መልሱን ይናገራል፤ ያልፋል። ነገር ግን ተማሪው የመለሰውን አይሰማም፤ ያልመለሰውንም አይጠብቅም። መልስ ሰሚ የሌለው ጥያቄ ስፍራውን ይሞላል እንጂ ሥራውን አይሠራም።

የ1986 ዓ.ም. የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ተከታታይ ምዘና እንዲደረግ መደንገጉ በሐሳብ ደረጃ ወደ ቀድሞው ልማድ የመመለስ ያህል ነበር። በአፈጻጸም ግን በብዙ ክፍል ውስጥ ተከታታዩ ምዘና ተከታታይ ነጥብ መሰብሰብ ሆነ፤ አምስት ከመቶ ከዚህ፣ አሥር ከመቶ ከዚያ። ወረቀቱ ተሰብስቦ ሳይመለስ ይቆያል፤ ሲመለስም ተማሪው የሚያየው ቁጥሩን ነው። ፈተናው በስም ተደጋገመ፤ የሚያስተምርበት ክፍሉ ግን፣ ይኸውም ተማሪው የሳተውን ዐውቆ ወዲያው የሚያቀናበት ጊዜ፣ ተጓደለ።

፭. የተረሳው ሲታወስ

በቤተ መጻሕፍት የቀረው መንገድ በሰፊው እንደገና የተከፈተው በ2006 ነው። በሴንት ሉዊስ የዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ ሊቃውንት ሄንሪ ሮዲገርና ጄፍሪ ካርፒክ፣ ለኮሌጅ ተማሪዎች አጫጭር የሳይንስ ጽሑፎች ሰጡ። ከፊሎቹ ጽሑፉን ሁለት ጊዜ አነበቡ፤ ከፊሎቹ አንድ ጊዜ አንብበው ያስታወሱትን በባዶ ወረቀት ላይ ጻፉ። ከአምስት ደቂቃ በኋላ ሲጠየቁ ሁለት ጊዜ ያነበቡት በለጡ፤ 81 በመቶ ለ75። ከአንድ ሳምንት በኋላ ግን ነገሩ ተገለበጠ፤ ሁለት ጊዜ ያነበቡት 42 በመቶ፣ አንብበው የጻፉት 56 በመቶ አስታወሱ። በሌላ ሙከራ ደግሞ አራት ጊዜ ያነበቡት ከሳምንት በኋላ 40 በመቶ ሲያስታውሱ፣ አንድ ጊዜ ብቻ አንብበው ሦስት ጊዜ የተጠየቁት 61 በመቶ አስታውሰዋል።

ከቁጥሮቹ ይልቅ ልብ ሊባል የሚገባው ግን ሌላ ነው። ከሳምንት በኋላ ምን ያህል እንደሚያስታውሱ አስቀድመው ሲጠየቁ፣ ደጋግመው ያነበቡት በራሳቸው ይበልጥ ይተማመኑ ነበር። ደጋግሞ ማንበብ ጽሑፉን ለዓይን ቀላል ያደርገዋል፤ ተማሪውም ይህንን ቅለት ዕውቀት አድርጎ ይቆጥረዋል። «ገባችሁ?» ስንል የሚሰማን «አዎን» ከዚህ የሚመነጭ ነው። ተማሪዎቻችን ዋሽተውን አይደለም፤ በዚያች ሰዓት ገብቷቸዋል፤ ነገር ግን መግባቱ ለመቆየቱ ምስክር አይሆንም።

በ2008 እነዚሁ ሊቃውንት 40 የስዋሂሊ ቃላትን ከእንግሊዝኛ ትርጉማቸው ጋር አስጠኑ። አንድን ቃል አንድ ጊዜ በትክክል ከመለሱ በኋላ መጠየቃቸው የቀጠለው ተማሪዎች ከሳምንት በኋላ 80 በመቶ ያህሉን አስታወሱ። «ይህንን ዐውቀኸዋል» ተብሎ መጠየቁ የቀረባቸው ግን ከ40 በመቶ በታች አስታወሱ፤ ቃሉን ደጋግመው እንዲያነቡ መደረጉም ብዙ አልረዳቸውም። አንድ ጊዜ መመለስ የመማር ፍጻሜ አለመሆኑን ይህ ያስረዳል። የኔታ ያወቀውን ልጅ በማግስቱ እንደገና የሚጠይቁት በከንቱ አልነበረም።

ይህ ሁሉ በምርምር ክፍል የተገኘ ነው፤ በተራ ክፍልስ? በ2006 የጀመረ ጥናት በኢሊኖይ ክፍለ ግዛት ኮሎምቢያ በምትባል ከተማ በሚገኝ አንድ መካከለኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ተካሄደ። በስድስተኛ ክፍል የኅብረተሰብ ትምህርት፣ ስለ ጥንታዊት ግብፅ፣ ስለ ሜሶፖታሚያ፣ ስለ ሕንድና ስለ ቻይና ሲማሩ፣ ከትምህርቱ ከፊሉ ብቻ በአጫጭር ጥያቄ ተደጋገመ። መምህርቷ የትኛው እንደተጠየቀ ዐውቃ ለዚያ እንዳታደላ ጥያቄው በሚሰጥበት ጊዜ ከክፍል ትወጣ ነበር። ጥያቄው በነጥብ ላይ የሚጨምረው ወይም የሚቀንሰው አልነበረም። ሆኖም በመጨረሻው ፈተና ላይ ተማሪዎቹ በጥያቄ በተደጋገመው ክፍል በግልጥ በልጠው ተገኙ፤ በንባብ ብቻ የተከለሰላቸው ግን ካልተከለሰው ሳይሻል ቀረ። በስምንተኛ ክፍል ሳይንስም እንዲሁ፣ ያልተጠየቀው ክፍል 79 በመቶ ሲያስገኝ የተጠየቀው 92 በመቶ አስገኘ። በ2013 ጆን ደንሎስኪና ጓደኞቹ አሥር የአጠናን ዘዴዎችን መርምረው ከፍተኛ ጥቅም አላቸው ያሏቸው ሁለቱን ብቻ ነው፤ እነርሱም ራስን መፈተንና ጥናትን በጊዜ መከፋፈል ናቸው። ደጋግሞ ማንበብና ከጽሑፉ ሥር ማስመር በዝቅተኛው ተርታ ተመደቡ።

፮. ተቃውሞዎችና መጠኑ

«ይህ ወደ ሽምደዳ መመለስ አይደለምን?» የሚል ባልደረባ ይኖራል። ጥያቄው ተገቢ ነው። በ2011 ካርፒክና ጃኔል ብለንት ያሳተሙት ጥናት ለዚህ ከፊል መልስ ይሰጣል። የሳይንስ ጽሑፍ ካነበቡ ተማሪዎች መካከል ከፊሎቹ ጽሑፉ ከፊታቸው ሳለ የሐሳቦቹን ግንኙነት በሥዕል እንዲያሳዩ፣ ከፊሎቹ ጽሑፉን ዘግተው ያስታወሱትን እንዲጽፉ ተደረገ። ከሳምንት በኋላ፣ ከተሰጡት እውነታዎች አልፎ ግንዛቤን በሚጠይቁ ጥያቄዎች ጭምር፣ የበለጡት ዘግተው የጻፉት ነበሩ። ይሁንና ጉዳዩ ተዘግቷል ማለት አይደለም። በ2015 ታማራ ቫን ጎኽና ጆን ስዌለር ትምህርቱ ውስብስብ በሆነ መጠን የጥያቄው ጥቅም እንደሚቀንስ ተከራክረዋል፤ ካርፒክና ባልደረባውም በዚያው ዓመት ተቃውመዋቸዋል። በእኛ አስተያየት ከዚህ ክርክር መምህር ሊወስደው የሚገባው ጥንቃቄ አለ። ያልገባ ነገር በጥያቄ ብዛት አይገባም። መጀመሪያ ማስረዳት፣ ከዚያ መጠየቅ፤ ጥያቄ ማስረዳትን ይከተላል እንጂ አይተካም።

ሁለተኛው ጥንቃቄ ስሕተትን ይመለከታል። ተማሪ የተሳሳተ መልስ ሰጥቶ ሳይታረም ቢቀር፣ በተለይም ከአማራጮች መካከል ሲመርጥ፣ ስሕተቱን ይዞ ሊሄድ ይችላል። ስለሆነም ትክክለኛው መልስ በዚያው ክፍለ ጊዜ ሊነገር ይገባል። ሦስተኛው ጥንቃቄ ፍርሃትን ይመለከታል። አለንጋው ከክፍላችን ቢወጣም ነጥብ በምትኩ ገብቶ እንደሆነ ራሳችንን እንጠይቅ። በየቀኑ የሚሰጥ ጥያቄ ሁሉ በመዝገብ የሚሰፍር ከሆነ፣ ተማሪው ማስታወስን ትቶ የጎረቤቱን ወረቀት ማየት ይጀምራል። የሚያስተምረው ጥያቄ ርካሽ መሆን አለበት፤ በስሕተቱ ማንንም የማያስቀጣ፣ በትክክሉም ማንንም የማያሸልም።

፯. ከእኛ የሚጠበቀው

ይህንን ለመሥራት የሚያስፈልገው ገንዘብ አይደለም። ሰባ ተማሪ ባለበት ክፍልም ቢሆን፣ ክፍለ ጊዜው ሲጀመር በሰሌዳው ላይ አምስት ጥያቄ መጻፍ ይቻላል፤ ሁለቱ ከትናንቱ፣ ሁለቱ ካለፈው ሳምንት፣ አንዱ ካለፈው ወር። ደብተር ይዘጋል። ተማሪዎች በቁራጭ ወረቀት ላይ በአንድ ቃል ወይም በአንድ ዐረፍተ ነገር ይመልሳሉ። ከዚያ መልሱ በሰሌዳው ላይ ይጻፍና እያንዳንዱ የራሱን ያርማል። ወረቀቱ አይሰበሰብም። መምህሩ «ሦስተኛውን የሳተ ማነው?» ብሎ እጅ ያስወጣል፤ ብዙ እጅ ከወጣ ያንን እንደገና ያስረዳል። ይህ ሁሉ ከአሥር ደቂቃ አይበልጥም። አሥሩን ደቂቃ ለዚህ ማዋል የትምህርት ዘመኑን መርሐ ግብር እንዳያዘገይ የሚሰጋ መምህር ቢኖር፣ አስተምሮ ጨርሶ የተረሳ ምዕራፍ በእርግጥ ተጨርሷል ወይ ብሎ ያስብ።

ጉዳዩን ቀላል የማያደርገው የልጆቻችን ነገር ነው። የ2014 ዓ.ም. የአሥራ ሁለተኛ ክፍል አገር አቀፍ ፈተና ውጤት ሲገለጥ፣ ከ896 ሺህ በላይ ከሆኑት ተፈታኞች መካከል ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ መሆናቸው ታወቀ። ለዚህ ውጤት ብዙ ምክንያት አለው፤ ጦርነት፣ ወረርሽኝ፣ የመጻሕፍት እጥረት፣ የመምህራን ኑሮ፣ የአፈታተኑ መለወጥ። አጭር የክፍል ጥያቄ ይህንን ሁሉ ይፈውሳል ማለት ቀልድ ይሆናል። ነገር ግን ከእነዚያ ወጣቶች መካከል ብዙዎቹ አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ ተምረው፣ የተማሩትን ከራሳቸው አውጥተው እንዲያዩት የተጠየቁት ዕጣቸው በሚወሰንበት ቀን ብቻ እንደሆነ እኛ መምህራን እናውቃለን። ለፍርድ ከመቅረባቸው በፊት ያለ ፍርድ ደጋግሞ የሚጠይቃቸው ሰው ይገባቸው ነበር።

የኔታ በስንጥር ፊደሉን እየነኩ «ይህ ማነው?» ሲሉ ልጁን ለመመዘን አልነበረም፤ ፊደሉ ከእርሱ ጋር እንዲቆይ ነበር እንጂ። ኤቢንግሃውስ፣ ጌትስና ስፒትዘር ያንን ሥራ በቁጥር አስረዱን። በእጃችን ያለው ጠመኔና ሰሌዳ ነው፤ የቀረው በነገው ክፍለ ጊዜ መጀመሪያ ላይ «ደብተራችሁን ዝጉ፤ ትናንት ምን ተማርን?» ማለት ነው።